ከሞያሌ ትሮምሶ፣ በአንዲት ትንሽ ሻንጣ

ከተመለስን ሦስተኛ ወራችን ነው። ሞያሌ ገበያ ውስጥ፣ በኬንያው በኩል፣ ሱቄ ደጃፍ የሚያልፍ ሁሉ «እስቲ መርከቡን ንገሪን» ይለኛል። እኔም መርከቡን፣ ፏፏቴውን፣ ፀሐይ የማትጠልቅበትን አገር እነግራለሁ። ሰዉ ይገረማል፣ ይስቃል፣ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ያልነገርኩት ግን አለ። እዚህ ሁለቱንም አብሬ እጽፋለሁ፤ አንዱን ያለ ሌላው ማውራት ውሸት እየሆነብኝ ነው።

ስሜ ጽጌ ነው። ሰፈሩ ግን በልጄ ስም ማማ ሩት ይለኛል። ከኢትዮጵያ በስደት ተሻግሬ እዚሁ ከቀረሁ ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምነግደው ሚቱምባ ነው፤ ማዶ ሳልቫጅ የሚሉት፣ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣ የፈረንጅ ልባሽ ጨርቅ። ከሱቄ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቃ ድሪያና ሻሽ የምትሸጠው ሐሊማ ናት፣ ማማ አብዲ። ዳበል በሚባለው ደረቅ አገር ያደገች የከብት አርቢ ልጅ ናት፤ አማርኛውን የለመደችው ከማዶ ነጋዴዎች ጋር ስትገበያይ ነው። አንድ ልጇ አብዲ በሁለታችንም ቤት እየበላ አድጎ፣ ዛሬ ኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ላይ፣ ትሮምሶ በምትባል ከተማ፣ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል።

ደውሎ «ሁለቱን እናቶቼን በመርከብ ላንሸራሽር ነው» አለን። ከደቡብ ተነስታ የባሕሩን ዳርቻ እየተከተለች ወደ እሱ ከተማ የምትወጣ መርከብ አለች፤ አራት ሌሊት ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት በየብስ ከእሱ ጋር። ሐሊማ በበኩሏ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አብዲ አንድ ጊዜ በስልክ የአጋዘን መንጋ አሳይቷት ነበር፤ እንደ ከብት የሚነዳ፣ እረኛ ያለው። «እሱን አሳየኝ፤ መርከቡ የራስህ ጉዳይ ነው» አለችው።

ከመነሳታችን በፊት

አብዲ በስልክ ያለው እንዲህ ነበር። «የመርከቡ ክፍል ጠባብ ነው፤ ዕቃ አታብዙ። ግን ሰኔም ቢሆን ይበርዳል፣ የሚሞቅ ነገር ያዙ።» እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው።

ስልኬ ላይ የሁለት ሳምንት ልብስ በአንዲት ትንሽ ሻንጣ የምትከት ፈረንጅ ሴት አገኘሁ። ልብሱን አታጥፉት፣ ጠቅልሉት ትላለች። ካልሲውን ጫማ ውስጥ ጠቅጥቁት ትላለች። ሦስት ቀን ሙሉ እሷን እያየሁ ጠቀለልኩ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ጠቀለልኩ። ለሁለታችንም አንድ ዓይነት፣ ባለ ጎማ ትንንሽ ሻንጣ ገዛሁ። ለራሴ አዲስ ከፈታሁት ቦንዳ በላባ የተሞላ ጃኬት መረጥኩ፤ ሲጨብጡት ብርቱካን የሚያህል፣ ሲለብሱት የሚያልብ። ለሐሊማ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ስስ ሹራብና አንድ የዝናብ ልብስ መደብኩላት።

ሐሊማ ሻንጣውን አየችና ሳቀች። «ይኼ የምሳ ዕቃ ነው» አለች። ከዚያ ሱቄ ጥግ ከተከመሩት ካፖርቶች አንዱን ጎትታ አወጣች፤ ቡናማ፣ የወንድ፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ከባድ ሱፍ። ሞያሌ ላይ ካፖርት የሚገዛኝ ወደ ደጋ የሚወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ብቻ ነው።

«የወንድ ነው እኮ፣ ማማ አብዲ።»

«ብርዱ ሊጠይቀኝ ነው? ዋላሂ ይኼን ሳልይዝ አልሄድም።»

ለልጇ በቅቤ የጠበሰችውን ሥጋ አብዲ ራሱ «እዚህ አገር አይገባም» ስላላት ያለ ክርክር ተወችው። ካፖርቱን ግን አልለቅ አለች። እኔ ደግሞ ከፋኝ። ለምን እንደከፋኝ አውቀዋለሁ። ድንበሩን ስሻገር ጀርባዬ ላይ በአንሶላ የታሰረ ጓዝ ነበረኝ። አንድ ኬላ ላይ ፍቺ ተብዬ፣ የውስጥ ልብሴ ሳይቀር ሰው ፊት አፈር ላይ ተዘረገፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ተሸክሞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ሐሊማን ያገኘኋት በዚያው ሳምንት ነው። ገበያ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ አየችኝና ከዳሷ ጥላ ግማሹን ለቃልኝ «ነይ፣ እዚህ ሁኚ» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የካፖርቱ ነገር የከፋኝ።

የመጀመሪያው ቀን፣ መንገድ

አውቶቡሳችን የተነሳው ጎህ ሲቀድ ነው። ድሮ በከብት መኪና ላይ ተሰቅለን ቀናት የሚፈጅብን መንገድ ዛሬ አስፋልት ሆኖ በአንድ ቀን ናይሮቢ ያደርሳል። ያልተለወጠው ኬላው ነው። በየኬላው እንወርዳለን፣ «ኪፓንዴ!» ይባላል፣ መታወቂያችንን ዘርግተን እንሰለፋለን፣ መልሰን እንወጣለን።

ማርሳቢት ተራራው ላይ ጉም ጠበቀን። የአውቶቡሱ አንድ መስኮት አልዘጋ ብሎ ብርዱ ቀጥታ እኛ ላይ ነው። የእኔ ጃኬት ከታች ጭነት ውስጥ ነበር። ሐሊማ ካፖርቷን ዘረጋችና ግማሹን እኔ ጉልበት ላይ ጣለችው። «የወንድ ነው እኮ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። ሁለታችንም ሳቅን። ኢሲዮሎ ላይ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሐሊማ ቦረንኛ ስታወራ ሰምቶ ሻዩን በነፃ ጨመረልን። ማምሻውን ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር፣ አንድ ንጹሕ ማደሪያ አረፍን።

ሁለተኛው ቀን፣ ናይሮቢ

ጠዋት ሐሊማ ካፖርቱን አጣጥፋ ክንዷ ላይ ስታደርግ አየኋት። በዚያ ብርሃን፣ አውሮፕላን ማረፊያው መሐል፣ ያን ታቅፋ ከጎኔ ስትሄድ በሐሳቤ ታየችኝ።

«ማማ አብዲ፣ አውሮፕላኑ ከአንድ ትንሽ ሻንጣ ሌላ አይፈቅድም» አልኳት። «ካፖርቱ አይገባም።»

«ብለብሰውስ?»

«መልበስም አይፈቀድም፣ ያስወልቁሻል።»

ትኬቱ እጄ ላይ ነበር። ለእያንዳንዳችን ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይፈቀዳል ይላል። እኔ ማንበብ እችላለሁ፤ እሷ አትችልም። ካፖርቱን ይዛ ወጣች። ከኋላዋ ስወጣ ኮሪደሩን ለምታጸዳው ሴት ስታቀብላት ደረስኩ። «ናይሮቢ ሐምሌ ላይ ይበርዳል ይላሉ። ያዢው» አለቻት በስዋሂሊ። ሴትየዋ በሁለት እጇ ተቀበለች።

አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ የፍየል ግልገል የሚውጥ ሻንጣ በጋሪ የቆለሉ ሰዎች ከፊታችን ይገፋሉ።

«እነዚህስ እንዴት ተፈቀደላቸው?» አለችኝ።

«ለብቻው ከፍለው ነው።»

«አሃ» አለች፤ አመነችኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ መስኮቱን ለቀቀችልኝ፣ ምግቧ ላይ የነበረውንም ኬክ ለእኔ አደረገችው።

ሦስተኛውና አራተኛው ቀን፣ ቤርገን

ቤርገን በዝናብ ተቀበለችን። እኛ ዘንድ ዝናብ ሲመጣ ሰው ደጅ ይወጣል፣ ባልዲ ይደረደራል፣ ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ይባባላል። እዚያ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። አብዲ ወርዶ ሊቀበለን መጥቶ ነበር። እናቱን አቅፎ ከመሬት አነሳት፤ እኔንም «እማ ጽጌ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ሻንጣዎቻችንን አየና «ይኼ ብቻ? ጎበዞች!» አለ። እኔ ኮራሁ።

ያረፍነው የአንዲት አሮጊት ማረፊያ ቤት ነው። ቤቱ ሁሉ እንጨት ነው፤ ደረጃው ሲረገጥ ይጮኻል። አሮጊቷ የሐሊማን ነጠላ ጫማና ካልሲ የሌለበት እግር አይታ ወደ ጓዳ ገባች፤ በራሷ እጅ የሠራችውን ግራጫ የሱፍ ካልሲ ይዛ ወጣች። ሐሊማ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ተንበርክካ ልታለብሳት ስትል ሐሊማ ደንግጣ እግሯን ሰበሰበች። «ተይ እማማ፣ አንቺ ትልቅ ነሽ!» አለቻት በአማርኛ። አሮጊቷ በራሷ ቋንቋ መለሰች። ሁለቱ እንዲህ፣ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ሳታውቅ፣ ግማሽ ሰዓት አወሩ።

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ እዚያ አገር እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ማታ መርከቡ ሊነሳ ሲል አብዲ ለብቻዬ ሳብ አደረገኝ። እሱ በአውሮፕላን ወደ ሥራው ሊመለስ፣ ሐሙስ ትሮምሶ ወደብ ላይ ሊቀበለን ነው።

«እማ ጽጌ፣ እናቴ ወፍራም ነገር ይዛለች አይደል? መርከቡ ሰገነት ላይ ነፋሱ ይከብዳል። ካልያዘች ጃኬቴን ልተውላት።»

አልያዘችም ብለው ለምን ብሎ እንዳይጠይቅ ፈራሁ። እሷን ቢጠይቃት «አይፈቀድም ተባልኩ» እንደምትል ገባኝ።

«ይዛለች» አልኩት።

አምስተኛው ቀን፣ መርከብ

መርከቡ ከሞያሌ ትልቁ ሆቴል ይበልጣል። ምንጣፍ አለው፣ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ ግድግዳው ሙሉ መስተዋት ነው። ክፍላችን ግን አብዲ እንዳለው ጠባብ ናት፤ ሁለት አልጋ፣ በመሐሉ አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ። ሻንጣዎቻችን አልጋው ሥር ገብተው ጠፉ። «አየሽ?» አልኳት። ሐሊማ ሁለቱን ቀሚሶቿን ደርባ፣ ሹራቡን ከላይ፣ የዝናብ ልብሱን ከሁሉም በላይ አድርጋ ነበር።

«አየሁ» አለች።

የዚያን ቀን ተራሮች መሐል ገባን። ከተራራው አናት ውሃ እየተወረወረ ባሕሩ ውስጥ ይወድቃል። አንድ ሳይሆን፣ አሥር ሳይሆን፣ በየመታጠፊያው። ሐሊማ የሰገነቱን ብረት ይዛ እያንዳንዱን ከአናቱ እስከ ባሕሩ በዓይኗ ተከተለች። «ማንም አይቀዳውም?» አለችኝ በመጨረሻ። «ይኼ ሁሉ ጣፋጭ ውሃ ጨው ውስጥ ሲገባ ዝም ብለው ያዩታል?» ዳበል ላይ ለአንድ ጄሪካን ውሃ ስንት ሰዓት እንደሚኬድ አውቃለሁ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ነፋሱ ነው አለች።

ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ጃኬቴን ላውሳት አሰብኩ፤ አይሆናትም ብዬ ተውኩት። ሐሊማ ከእኔ ትቀጥናለች።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ሥጋውን ስለማታምነው ዓሣ፣ ድንችና እንቁላል በላች። ዓሣ ስትበላ በሕይወቷ ሁለተኛዋ ነው። «አብዲ የሚሠራው ይኼን ነው?» እያለች በጥንቃቄ፣ አጥንቱን ሳህኑ ዳር እየደረደረች በላችው። ያስቸገራት መግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው ሶላት ነበር። ፀሐይዋ አልጠልቅ ስትላት ሦስት ጊዜ ወደ ሰገነት ወጥታ አየች። በኋላ አብዲ የሶላት ሰዓት ሰሌዳ በስልክ ላከላት።

ስድስተኛው ቀን

ጠዋት ስነቃ ሐሊማ የለችም። የአልጋዋ ብርድ ልብስም የለም። ምግብ ቤት ስገባ ብርድ ልብሱን ከራሷ ጀምራ ተከናንባ፣ መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ እንቁላል ትልጣለች። አንዲት አስተናጋጅ ጎንበስ ብላ በፈገግታ የሆነ ነገር ትነግራታለች። አስተናጋጇ ሄዳ ሌላ፣ ለሰገነት የሚሆን ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥታ ለወጠቻት፤ የአልጋውን አጣጥፋ ወሰደች። ነገሩ ይኸው ነው። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልሳቀም። ሐሊማ አስተናጋጇን እጇን ይዛ መረቀቻት።

እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬ ጋለ። አየችኝና በእጇ ጠራችኝ። እንዳላየ ሆኜ በሌላኛው በኩል ዞሬ መስኮቱ አጠገብ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

እዚያ ነው ከአንዲት የናይሮቢ ሴት ጋር የተዋወቅኩት። የኖርዌይ ሰው ያገባች፣ ጥሩ የለበሰች፣ ጥርሷ የሚያምር። ስዋሂሊ ስሰማ እዚያ ባሕር ላይ ነፍሴ ደስ አላት። ጃኬቴን አደነቀችልኝ። ሥራዬን ስትጠይቀኝ የልብስ ሱቅ አለኝ አልኩ፤ ሚቱምባ የሚለውን ቃል አላወጣሁትም። ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ዋልኩ። ትሮንድሃይም የምትባል ከተማ መርከቡ ቆሞ ወርደን ዞርን፤ ሐሊማ «እዚሁ ልቆይ፣ ትንሽ ደክሞኛል» ስላለች አልጎተጎትኳትም። እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ።

ሰባተኛው ቀን

በዚያ ባሕር ላይ አንድ መስመር አለ ይላሉ፤ እሱን ያለፈ ሰው የሰሜን ሰው ሆነ ማለት ነው። መርከቡ መስመሩን ሲያልፍ ሰው ሁሉ ሰገነት ላይ ይወጣል፣ አንዲት የመርከቡ ሠራተኛ በጭልፋ በረዶ ያለበት ውሃ እየቀዳች በአንገታቸው ታፈስላቸዋለች። ፈረንጆቹ ለዚህ ይሰለፋሉ፤ ይጮኻሉ፣ ይሳሳቃሉ።

እኔና የናይሮቢዋ ሴት ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ቆመን እናያለን። ድንገት ሰልፉ ውስጥ ያን የሰገነት ብርድ ልብስ አየሁት። ሐሊማ ናት። ተራዋ ሲደርስ ሻሿን ከኋላ በጣቷ አነሳ አደረገች፤ ጭልፋውን የያዘችው ሠራተኛ በቀስታ አፈሰሰችባት። «ዋ!» ብላ የጮኸችው እስከ ላይኛው ሰገነት ተሰማ። ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አነሳላት። ከጉዞው ሁሉ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። እየሳቀች፣ አንገቷን በሻሿ እየጠረገች፣ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ልታሳየኝ ነበር።

የናይሮቢዋ ሴት ወደ እኔ ዘንበል አለች። «ዳዳ ያኮ?» አለችኝ። እህትሽ ናት?

«ሀፓና» አልኩ። «ጅራኒ ቱ።» አይደለችም፤ ጎረቤት ብቻ ናት። ይህም አልበቃኝም። «ልጇ አደራ ብሎኝ ነው የምጠብቃት» ብዬ ጨመርኩ።

ሐሊማ አምስት እርምጃ ላይ ነበረች። ስዋሂሊ የገበያ ቋንቋዋ ነው። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመች። ከዚያ ለናይሮቢዋ ሴት በስዋሂሊ ሰላምታ ሰጠች፣ ደህና መሆኗን ጠየቀች፣ ብርድ ልብሱን ሰበሰበችና ወደ ክፍላችን ወረደች። ሴትየዋ አየችኝ። ከዚያ በኋላ አብራኝ አልተቀመጠችም።

ክፍላችን ስገባ ሐሊማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። «ማማ አብዲ» አልኳት። «እንቅልፌ ነው» አለች። ሳሉ የጀመራት ያን ጊዜ ነው።

ስምንተኛው ቀን፣ ትሮምሶ

አብዲ ወደቡ ላይ አበባ ይዞ ቆሞ ነበር። የእናቱን እጅ ሲይዝ ፊቱ ተለወጠ። «እሳት ሆነሻል!» አላት። ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት። ከዚያ የለበሰችውን አየ፤ ሁለቱን ቀሚስ፣ ስሱን ሹራብ።

«እማ ጽጌ፣ ወፍራም ይዛለች ብለሽኝ አልነበር?»

ጎንበስ ብዬ የሻንጣዬን እጀታ አስተካከልኩ።

«ለምን አልያዛችሁም? ሁለት ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይፈቀድላችሁ ነበር እኮ። ትኬቱ ላይ ተጽፏል።»

ሐሊማ ቀስ ብላ አየችኝ። የቁጣ አስተያየት አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር እያሰላሰለች ቆየች።

«እኔ ነኝ» አለችው ለልጇ። «ብርዱን ንቄው ነው። እሷ ምን ታድርግ።»

የየብሱ ሳምንት

ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ። መድኃኒት ሰጥቶ፣ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ እንዳትነሳ አዘዘ። አብዲ የተከራየው የእንጨት ቤት ሐይቅ ዳር ነው፤ ደጁ ላይ በረዶው ገና ያልቀለጠ ተራራ ይታያል። ሐሊማ ያን ሁሉ ያየችው በመስኮት ነው። አብዲ ወጥ ይሠራል፣ እናቱን በማንኪያ ይመግባል፣ «ሱቅ ዝግ መሆኑን እያወቅኩ ጃኬቴን ሳልተውላት!» እያለ ራሱን ይወቅሳል። እኔ ሳህን አጥባለሁ። እውነቱን ልነግራቸው በየቀኑ አስብ ነበር፤ በየቀኑ ዛሬ ታማለች፣ ነገ ይሁን እላለሁ።

አጋዘን ወደሚጠብቀው ቤተሰብ ዘንድ ቀጠሮ ነበረን። አብዲ ሊሰርዘው ሲል ሐሊማ «ሂዱ» አለች። «ሰው እየጠበቀ ይቅር አይባልም።» ሄድን። መንጋው ኮረብታ ላይ ተበትኖ ነበር። ባለቤቲቱ ቀይ መጎናጸፊያ ያደረገች ሴት ናት፤ እሳት አጠገብ አስቀምጣ የዓሣ ሾርባ አበላችን፣ ለታመመችውም በዕቃ ጨመረችልን። እኔ ሾርባውን ጠጥቼ እሳቱን እያየሁ ቀኑ አለቀ።

ስንመለስ ሐሊማ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ጠበቀችን። ከመርከቡ ወዲህ በራሷ ፈቃድ ያናገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

«ጆሯቸው ላይ ምልክት አላቸው? የማን እንደሆኑ በምን ይለያሉ?»

«አላየሁም።»

«ይታለባሉ?»

«አልጠየቅኩም፣ ማማ አብዲ።»

«ግልገሎቹስ? የዚህ ዓመት ግልገል ነበር?»

ኮረብታው ላይ ትንንሽ ነገሮች ሲሮጡ ያየሁ ይመስለኛል። «ይመስለኛል» አልኳት።

«አንቺ ታዲያ ሄደሽ ምን አየሽ?» አለች። ሾርባውን ቀመሰችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

መመለስ

ስንመለስ አብዲ ለእናቱ ወፍራም ካፖርት ገዝቶላት፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ሞልቶ አስጫነን። ስለ መልሱ ጉዞ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ሐሊማ በሰላም ደረሰች፣ ሳሉም ለቀቃት። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ማርሳቢት ላይ ግን ጉም አልነበረም።

ገበያ ውስጥ እንደ ድሮው ጎን ለጎን ነን። ጠዋት ሰላም ትለኛለች። ዝርዝር ሲጠፋብኝ ትዘረዝርልኛለች። ሰው ስለ ጉዞው ሲጠይቃት «ማማ ሩትን ጠይቁ፣ እሷ ትተርከዋለች» ትላለች። ማንም ሰው በመካከላችን አንድ ነገር አለ አይልም።

ባለፈው ሳምንት ግን አልቻልኩም። ሱቄን ቀድሜ ዘግቼ ቤቷ ሄድኩ። ስለ ትኬቱ ነገርኳት፤ እያነበብኩ እንደዋሸኋት። አብዲ ጃኬቱን ሊተውላት እንደነበረ፣ እኔ እንዳስቀረሁት። ለአብዲም ደውዬ ልነግረው እንደቆረጥኩ። ስለዚያ ሰገነት ስደርስ አለቀስኩ።

ሐሊማ ሻይ እየቀዳች እስክጨርስ ሰማችኝ። ወተት ጨመረችበት፣ አቀበለችኝ።

«ለአብዲ አትንገሪው» አለች። «ሁለተኛዋን እናቱን አታሳጪው። ብርዱንማ ረስቼዋለሁ። የትኬቱንም ወደቡ ላይ አውቄዋለሁ።»

«የሰገነቱንስ?»

ስኒዋን አስቀመጠች። «ስዋሂሊ ያስተማርኩሽ እኮ እኔ ነኝ» አለች። ቀጠለችም፤ «ጎረቤት ብቻ ስትዪ ሰማሁና አልገባኝም። ከጎረቤት በላይ ምን አለ ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነበር።»

«ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«ይቅር ብያለሁ። ዋላሂ።»

እንዳለችው እንደሆነ አምናታለሁ፤ ሐሊማ አትዋሽም። ሻዬን ጨርሼ ተነሳሁ። እሷም ተነሳች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ከፊት ቀድማ በሩን ከፈተችልኝ፣ ግቢውን አብራኝ ተሻግራ የውጭው በር ድረስ ሸኘችኝ። «ሰላም ግቢ» አለችኝና እስክርቅ ቆመች።

በዚህ ሁሉ ዓመት እንደፈለግኩ ገብቼ እንደፈለግኩ ስወጣ፣ አንድም ቀን ሸኝታኝ አታውቅም ነበር።